ግንበኛው ድምፅ ሲሰጥ



በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ኦገስት 7 ቀን 2018 የተሰጠው ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ 937 ሺህ ያህል ሰዎች በአንድ ወገን፣ 452 ሺህ ያህሉ ደግሞ በሌላው ወገን ቆመው ተገኙ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው አንድ ነበር። የግዛቲቱ ምክር ቤት አውጥቶ ገዥው የፈረመበት፣ የሠራተኛ ማኅበራትን የገቢ ምንጭ የሚያደርቀው ሕግ ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ? ከሦስት መራጮች ሁለቱ ይውደቅ አሉ፤ ሕጉም ወደቀ።

ይህ ቁጥር የሚያስገርመው ከሌላ ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ ነው። በዚያን ጊዜ በሚዙሪ ከአሥር ተቀጣሪዎች መካከል የማኅበር አባል የነበረው አንድ እንኳ አይሞላም። ግዛቲቱ ከሁለት ዓመት በፊት ለዶናልድ ትራምፕ የሰጠችው ብልጫ ከ18 ነጥብ ያላነሰ ነበር። በዚያው ኦገስት 7 የሪፐብሊካን ፓርቲ መራጮች ጆሽ ሃውሊን ለሴኔት እጩ አድርገው መርጠዋል። እንግዲህ በዚያ ቀን አንድ ሰው በአንዱ ወረቀት ሪፐብሊካን እጩ መርጦ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ሪፐብሊካን የሚበዙበት ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ጥሏል ማለት ነው። እንዲህ ያደረጉት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ያለ እነሱ ሁለት ሦስተኛ የሚባል ነገር አይገኝም። ማኅበራቱ አባሎቻቸውን ብቻ ይዘው ወጥተው ቢሆን ኖሮ ክፉኛ ይሸነፉ ነበር። ያሸነፉት ጎረቤታቸውን፣ አማታቸውን፣ ቤተ ክርስቲያን አብሯቸው የሚቀመጠውን ሰው ይዘው ስለወጡ ነው።

የግንባታ ሠራተኛ ኑሮው በድምፅ የሚወሰን ሰው ነው። የሰዓት ክፍያው፣ በሙቀት ቀን ውኃ የሚጠጣበት ዕረፍት፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ መኖር አለመኖሩ፣ የማኅበሩ መሪ ማንነት፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ሥራው ግን ድምፅ ከሚሰጥበት ቦታ ያርቀዋል። ንጋት ላይ ከቤት ይወጣል፤ ሳይቱ ከሰፈሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ሲመለስ ወገቡ አይታጠፍለትም። በዚህ መካከል የሚመጣ የምርጫ ማክሰኞ እንደማንኛውም ማክሰኞ ያልፋል።

ሚዙሪ ውስጥ የተጣለውን ሕግ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ የሠራተኛ ማኅበር በአንድ የሥራ ቦታ ወኪል ሆኖ ከታወቀ የሚደራደረው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ አባል ላልሆነውም ጭምር ነው። የኅብረት ስምምነቱ ያመጣውን ጭማሪ ሁሉም እኩል ያገኛል። አባል ያልሆነ ሠራተኛ ያለ አግባብ ቢባረር ማኅበሩ ቆሞ የመከራከር ግዴታ አለበት። ስለዚህ ብዙ ስምምነቶች በውሉ የሚጠቀም ሁሉ የወኪልነቱን ወጪ እንዲጋራ ያደርጋሉ። በ1947 የወጣው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ግን ግዛቶች ይህን ክፍያ እንዲከለክሉ ፈቀደ፤ «የመሥራት መብት» በሚል ስም የሚታወቁት ሕጎች የሚቆሙት በዚያ ላይ ነው። በ2017 መጀመሪያ ኬንታኪ ይህን ሕግ ያወጣች 27ኛዋ ግዛት ሆነች። ሚዙሪ 28ኛ ልትሆን ነበር።

የሕጉ ደጋፊዎችም የራሳቸው ክርክር ነበራቸው። ማንም ሰው እንጀራ ለመብላት ሲል ለማይፈልገው ድርጅት ገንዘብ ለመክፈል መገደድ የለበትም፤ ሕጉ ከጸደቀ ደግሞ ኩባንያዎች ወደ ግዛቲቱ ይመጣሉ አሉ። የመጀመሪያው ነጥብ ቀላል ነጥብ አይደለም፤ ማኅበርተኛም ቢሆን በክብር ሊመልሰው ይገባል። የማኅበራቱ መልስ ይህ ነበር፦ ሁሉም እየተጠቀመ የሚከፍለው እየቀነሰ ከሄደ ማኅበሩ ይደክማል፤ የደከመ ማኅበር ደግሞ ጥሩ ውል መደራደር አይችልም፤ ጉዳቱ በመጨረሻ ለከፈለውም ላልከፈለውም ይደርሳል።

ይህ ጉዳይ ከፋብሪካ ሠራተኛው ይልቅ የግንባታ ሠራተኛውን አጥንቱ ድረስ ይነካዋል። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ለዓመታት አንድ አሠሪ ይኖረዋል። ግንባታ ላይ ግን መሠረቱ ሲያልቅ ፌሮ አሳሪው ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል፤ ጣሪያው ሲመታ አናጺው ይሰናበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስት ለአራት ተቋራጭ መሥራት የተለመደ ነው። ታዲያ ጡረታውን ማን ይይዝለታል? የልጁን የጤና መድን ማን ያስቀጥልለታል? ማኅበሩና ተቋራጮቹ በጋራ የሚያስተዳድሩት ፈንድ ነው። ውሉ ላይ በየሰዓቱ ከሚከፈለው ደመወዝ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ይህን ያህል ለጤና መድን፣ ይህን ያህል ለጡረታ፣ ጥቂት ሳንቲም ደግሞ ለሥልጠና ተብሎ ተቀምጧል። በብዙ የግንባታ ማኅበራት «የሰዓት ባንክ» የሚባል አሠራር አለ። ሥራ በሚበዛባቸው ሞቃት ወራት የተሠራው ትርፍ ሰዓት ይጠራቀማል፤ በረዶ ወድቆ ሥራ ሲቆም ከተጠራቀመው እየተቀነሰ የቤተሰቡ መድን ሳይቋረጥ ይሰነብታል።

እነዚያ ጥቂት ሳንቲሞችም ትንሽ ነገር አይደሉም። በኤሌክትሪክ ሙያ ለማኅበር ገብቶ የሚሠለጥን ጀማሪ 5 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ 8,000 ሰዓት በሥራ ላይ እየተከፈለው ይማራል፤ ከሥራ በኋላ ክፍል ገብቶ ንድፈ ሐሳቡን ያጠናል። ሲጨርስ የሙያ ማረጋገጫ በእጁ ነው፤ የትምህርት ዕዳ የለበትም። ለአንድ ወጣት ስደተኛ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠራለት ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ይህን ሥልጠና የሚከፍለው በውሉ ላይ የተጻፈው ሳንቲም ነው፤ ውሉ ሲላላ መጀመሪያ የሚሳሳው እሱ ነው።

ወደ ሚዙሪ እንመለስ። ገዥው ኤሪክ ግሪተንስ ሕጉን የፈረሙት በፌብሩዋሪ 2017 ሲሆን ሥራ ላይ እንዲውል የተቆረጠለት ቀን ኦገስት 28 ነበር። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ አንድን ሕግ በፊርማ አግዶ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ፊርማው ከስምንቱ የኮንግረስ የምርጫ ክልሎች ቢያንስ በስድስቱ መሰብሰብ አለበት፤ ወደ 100 ሺህ ፊርማ ይበቃ ነበር። ይህ ማለት በትልልቆቹ ከተሞች በሴንት ሉዊስና በካንሳስ ሲቲ ብቻ ተሰብስቦ የሚያልቅ ሥራ አልነበረም፤ ወደ ገጠሩም መውጣት ነበረበት። አናጺዎች፣ ቧንቧ ሠራተኞች፣ በያጆች፣ ከፋብሪካና ከሆስፒታል ማኅበርተኞች ጋር ሆነው ወረቀት ይዘው ወጡ። ኦገስት 18 ቀን ዋና ከተማዋ ጄፈርሰን ሲቲ ላይ ያስረከቡት ፊርማ 310,567 ነበር፤ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ገደማ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል አሥር ቀን ቀርቶታል።

ሕዝበ ውሳኔው መጀመሪያ የታቀደው ለኖቬምበር 2018 ነበር። ምክር ቤቱ ግን ወደ ኦገስት አመጣው፤ የኦገስቱ የቅድሚያ ምርጫ ደግሞ በተለምዶ ሰው የማይበዛበት ነው። ሌላም እንቅፋት ነበር። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «አዎ» ማለት ሕጉን ማጽደቅ፣ «አይ» ማለት ሕጉን መጣል ነበር። ጠይቆ፣ ፈርሞ፣ አስፈርሞ ሕዝበ ውሳኔውን ያመጣው ሰው የራሱን ጥያቄ «አይ» ብሎ መመለስ ነበረበት። የጥያቄው አረፍተ ነገርም ረጅምና ሕግ ሕግ የሚል ነው፤ ደክሞት ከሥራ የመጣ ሰው ቆሞ አንብቦት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ማኅበራቱ ያደረጉት ትልቁ ነገር፣ እንደ እኔ እምነት፣ ቤት ለቤት እየሄዱ ይህን ወረቀት አስቀድሞ ለሰዉ ማስነበባቸው ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያም ነበራቸው። ግን በዚያ መንደር የሚታወቅ ቧንቧ ሠራተኛ በር አንኳኩቶ፣ በዚህ ሕግ ምክንያት በእሱ ቤት ምን እንደሚጎድል በዶላር ሲናገር የሚሰማው የፓርቲ ወሬ አይሆንም።

የሚዙሪ ሰዎች በ1978ም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው ውድቅ አድርገው ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ መልሶ መጣ። ይህን የሚያስታውስ ሽማግሌ ማኅበርተኛ በየቅርንጫፉ ነበር፤ ለወጣቶቹ የነገራቸውም እሱ ነው።

ስለ ማኅበር ክፍያ ማውራት ለአንዳንዱ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለ ውኃ ማውራት ግን ለማንም ሩቅ አይሆንም። የቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን በ2010፣ የዳላስ ከተማ ደግሞ በ2015 ለግንባታ ሠራተኞች በየ4 ሰዓቱ የ10 ደቂቃ ዕረፍት እንዲሰጥ ደነገጉ። 10 ደቂቃ! ከጥላ ሥር ገብቶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ለመመለስ የምትበቃ ጊዜ ናት። በፌዴራል ደረጃ ሠራተኛን ከሙቀት የሚጠብቅ የተለየ ደንብ የለም፤ በ2024 ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ ነገር ግን ረቂቅ ሠራተኛን ከፀሐይ አያስጠልልም። በጁን 2023፣ ቴክሳስ በሙቀት እየነደደች ሳለ፣ ገዥው ግሬግ አቦት ከተሞች ከግዛቲቱ ሕግ አልፈው እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ የሚያግድ ሕግ ፈረሙ። በሕጉ ላይ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቧል፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጅቷል። በሚቀጥለው ዓመት ፍሎሪዳ ተከተለች፤ እዚያ ማያሚ-ዴድ ካውንቲ ውጭ ለሚሠሩ ሰዎች ጥላና ዕረፍት ለመደንገግ እያሰበ ነበር፣ የግዛቲቱ ሕግ ቀደመው።

ይህ ታሪክ ለግንባታ ሠራተኛ የሚያሳየው ነገር አለ። ዕረፍቱን የሰጠው የከተማ ምክር ቤት በድምፅ የተመረጠ ነው። ዕረፍቱን የነጠቀው የግዛት ምክር ቤትም በድምፅ የተመረጠ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ለፕሬዚዳንት ብቻ ድምፅ የሚሰጥ ሠራተኛ በሁለቱም ላይ አልነበረም። የከተማና የግዛት ምርጫ ላይ የሚወጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ የማኅበር ቅርንጫፍ እንኳ ተሰባስቦ ቢወጣ ውጤቱን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሙቀት ደግሞ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በግንባታ ሥራ ላይ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሰዎች ይሞታሉ፤ ዋነኛው ምክንያት ከከፍታ መውደቅ ነው። ራሱ ዞሮበት መወጣጫው ላይ የቆመ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

የደመወዙም ነገር እንዲሁ ነው። በ1931 ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር የፈረሙት የዴቪስ-ቤከን ሕግ፣ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ግንባታ ላይ ሠራተኛው የአካባቢውን የሙያ ደመወዝ እንዲያገኝ ያዛል። ስማቸው የተሰጠው ሁለቱ የሕግ አውጪዎችም፣ ፈራሚው ፕሬዚዳንትም ሪፐብሊካን ነበሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ተቋራጭ ጨረታ ለማሸነፍ በአሠራር ይወዳደር፣ በሲሚንቶ ግዢ ይወዳደር፣ የሠራተኛውን ኪስ ግን አይቁረጥ። ብዙ ግዛቶች ለራሳቸው ገንዘብ ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ኢንዲያና፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኬንታኪ፣ አርካንሳስና ሌሎችም ሰረዙት።

ከእነዚህ ሁሉ ሚሺጋን ለብቻዋ ልትታይ ይገባታል። በ2018 በተቋራጮች የሚደገፍ ቡድን ፊርማ አሰባስቦ የግዛቲቱን የደመወዝ ሕግ የሚሽር ሐሳብ አቀረበ። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ የሕዝብ አቤቱታ በምክር ቤቱ ከጸደቀ ገዥው ሊሽረው አይችልም ይላል፤ ምክር ቤቱ ጁን ላይ አጸደቀው፤ አለቀ። ፊርማ የማሰባሰብ መሣሪያው ሚዙሪ ላይ ለሠራተኛው እንደሠራ፣ ሚሺጋን ላይ ለሌላው ወገን ሠራ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2022 ምርጫ በታችኛው ምክር ቤት ዴሞክራቶች ከ110 መቀመጫ 56ቱን ያዙ። አንድ መቀመጫ ቢጎድል ኖሮ አብላጫ የለም። በ2023 የደመወዙ ሕግ ተመለሰ፤ በ2012 መጨረሻ የወጣው የ«መሥራት መብት» ሕግም ተሻረ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በግዛት ገንዘብ በተሠሩ ትምህርት ቤቶችና ሕንፃዎች ላይ የሠራ ሰው ያጣውን ልዩነት ማንም አልመለሰለትም።

ሥራው ራሱስ ከየት ይመጣል? ሲያትል ለሐበሻው የታወቀ ከተማ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ቀላሉን ባቡር በየቀኑ ይሳፈሩበታል። በኖቬምበር 2016 የኪንግ፣ የፒርስና የስኖሆሚሽ ካውንቲ መራጮች የባቡሩን መሥመር የሚያሰፋውን ሦስተኛ ዙር ዕቅድ አጸደቁ፤ ወጪው 54 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ድጋፉ 54 በመቶ ገደማ ነበር። ዋሻ ቆፋሪው፣ አርማታ የሚሞላው፣ የብረት ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ለአሥርት ዓመታት የሚያቆይ ሥራ ከዚያ ድምፅ ወጣ። ግብሩንም ያው ሠራተኛ ይከፍላል፤ በመኪና ምዝገባው ላይ የመጣበትን ጭማሪ አይቶ የተናደደ አለ፣ ንዴቱም እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው አስቀድሞ መመዘን ያለበት። ድምፅ ስጡ ማለት ሁሌ «አዎ» በሉ ማለት አይደለም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በመንግሥት ምርጫ የሚወሰን ነበር። ከእነዚህ ይልቅ ለእጅ የሚቀርበው ድምፅ በማኅበሩ አዳራሽ የሚሰጠው ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ባዶ የሚሆነውም ያ አዳራሽ ነው።

በ2021 በዋሽንግተን ግዛት ምዕራብ የሚሠሩ አናጺዎች ያደረጉት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የማኅበራቸው ተደራዳሪዎች ከተቋራጮቹ ጋር ደርሰናል ያሉትን ስምምነት አባላቱ አንድ ጊዜ አይደለም አራት ጊዜ ጣሉት። በሴፕቴምበር ሥራ አቆሙ። ከቅሬታዎቹ አንዱ ፓርኪንግ ነበር። ከሩቅ ሰፈር ንጋት ላይ መሣሪያውን ጭኖ መሐል ሲያትል የሚመጣ አናጺ፣ አውቶቡስ ላይ መጋዝና መዶሻ ተሸክሞ መውጣት ስለማይችል መኪናውን ያቆማል፤ ለዚያም ከኪሱ ይከፍላል፤ የቀኑ የመጀመሪያ ሰዓት ደመወዝ ለመኪና ማቆሚያ ይሄዳል። ይህን ችግር ጠረጴዛ ላይ ያመጣው ድምፅ ነው። አምስተኛውን ስምምነት በኦክቶበር አጸደቁት። የተሰጣቸውን ሁሉ የወደዱ አይደሉም፤ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ውል የፈረሙት የመጀመሪያውን «አይ» ስላሉ ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሠራተኛ የማኅበር ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገር ቤቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሥራ ማቆም አድማ የሚወሰነው ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ፣ በአብላጫ ድምፅ ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1959 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ የቅርንጫፍ ማኅበር መሪዎች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ እንዲመረጡ ያዛል፤ የአባልነት መዋጮ ጭማሪም ያለ አባላቱ ድምፅ አይሆንም። የምርጫው ማስታወቂያ ከምርጫው ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለእያንዳንዱ አባል በፖስታ መላክ አለበት፤ የሚላከውም መጨረሻ ወደሚታወቀው የቤት አድራሻው ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ግንበኛ ግን ቤት ይቀያይራል፤ ሥራ ተከትሎ ከተማ ይለውጣል። አድራሻውን ለማኅበሩ ቢሮ ያላስተካከለ ሰው ማስታወቂያው ዘመድ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ይቀርና ምርጫው ያልፈዋል።

በማኅበር ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም፤ ግሪን ካርድ ያለው አባል ድምፁ ከማንም እኩል ነው። በመንግሥት ምርጫ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፌዴራልና በግዛት ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የቀረበለትን የምርጫ መመዝገቢያ ሳያነብ የፈረመ ግሪን ካርድ ያዥ ዜግነት ሲጠይቅ ከባድ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል። ልዩነት የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ነው። ሐበሻው በሚበዛበት በሜሪላንድ የታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ምርጫ ይሳተፋሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲም በ2022 ባወጣችው ሕግ ለአካባቢ ምርጫ ፈቅዳለች። የሚመለከተው ሰው ከመመዝገቡ በፊት የከተማውን የምርጫ ቢሮ ይጠይቅ። ድምፅ መስጠት የማይችለውም ቢሆን፣ የሚችለውን የሥራ ባልደረባውን መቀስቀስ አይከለከልም።

ጊዜ የለኝም የሚለው ሠራተኛ እውነቱን ነው፤ ግን ሕጉ የሰጠውንም ጊዜ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በሚዙሪ ምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት፣ በአሜሪካው አቆጣጠር፣ ክፍት ነው። በዚህ ውስጥ ከሥራ ነፃ የሆነ ሦስት ተከታታይ ሰዓት የሌለው ሠራተኛ፣ ደመወዙ ሳይቆረጥ ለመምረጥ እስከ ሦስት ሰዓት ፈቃድ ያገኛል። የትኞቹ ሰዓታት እንደሚሆኑ አሠሪው ሊወስን ይችላል። ጥያቄው ግን ከምርጫው ቀን በፊት መቅረብ አለበት፤ በዕለቱ ጠዋት ለፎርማኑ ቢነገር ዘግይቷል። ከምርጫው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ምክንያት ሳይጠየቅ ቀድሞ በአካል ሄዶ መምረጥ ይቻላል። ሌሎች ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ በዋሽንግተን ግዛት ወረቀቱ ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣል። የሳይቱ የማኅበር ተጠሪ ይህን በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢናገር፣ ማን እንደተመዘገበ ማን እንዳልተመዘገበ በስም ቢያውቅ፣ ከሥራ በኋላ መኪና ያለው የሌለውን ይዞ ቢሄድ ብዙ ይለወጣል። ለማን ድምፅ እንደሰጠ ግን አይጠይቅ። ከጓደኛው ጋር በፓርቲ የተጨቃጨቀ ተጠሪ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሰዓት ክፍያ ሲናገር የሚያዳምጠው ያጣል።

ሚዙሪ ውስጥ ነገሩ በ2018 አላበቃም። በኖቬምበር 2024 መራጩ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድግና በየ30 የሥራ ሰዓቱ የ1 ሰዓት የሕመም ፈቃድ የሚያስገኝ ሕግ ከ57 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቀ። ፈቃዱ ከሜይ 2025 ጀምሮ ይጠራቀም ጀመር። በጁላይ ገዥው ማይክ ኪሆ ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ስረዛ ፈረሙ፤ ኦገስት 28 ቀን የሕመም ፈቃዱ ቀረ። ሠራተኛው የተጠቀመበት አራት ወር ላልሞላ ጊዜ ነው። ይህ የሆነው የጸደቀው ተራ ሕግ ስለነበረ ነው፤ ተራ ሕግን ምክር ቤቱ ሊለውጠው ይችላል፤ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የገባን ግን ያለ ሕዝብ ድምፅ አይነካውም።

ያንን መንገድም ለማጥበብ የቀረበ ሐሳብ አለ። በሴፕቴምበር 2025 የሚዙሪ ምክር ቤት ለ2026 ምርጫ የሚቀርብ ጥያቄ አጽድቋል፤ ከዚህ በኋላ ሕዝቡ በፊርማ የሚያቀርበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በግዛት ደረጃ አብላጫ ማግኘቱ ብቻ እንዳይበቃ፣ በስምንቱም የኮንግረስ ክልሎች እያንዳንዳቸው አብላጫ እንዲያገኝ ይጠይቃል። በአንዱ ክልል ከተሸነፈ በሰባቱ ማሸነፉ አይጠቅመውም። ይህ ጥያቄ ራሱ የሚወሰነው ግን በቀድሞው ደንብ፣ በግዛቲቱ አጠቃላይ አብላጫ ድምፅ ነው። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ከምርጫው በፊት ያለው አራተኛው ረቡዕ ሲሆን፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ መኖሩን የሚጠራጠር ሰው በካውንቲው የምርጫ ቢሮ ማጣራት ይችላል።